ሥይምት

እጄ ሳይንቀጠቀጥ፣ ዓይኔ ሳይደክም ገና፣
የደብረ ወርቅ ጸሐፊ፣ የፍየል ብራና
ፍቄ የማለሰልስ፣ ወጥሬ የማሰምር፣
ጥላሸት በገል ላይ ሳቦካ የምኖር፣
ዘርአ ቡሩክ ነበርሁ። ዛሬ የደረቅሁ ቅል ነኝ፤
አንዲት ፍሬ ቀርታ ውስጤ የምትንኳኳብኝ።

ያቺ ፍሬ ፊደል ናት። ትንሽ። መስቀል የመሰለች።
በአንዲት ሴት ማዕርግ ጫፍ በእጄ የተተከለች።

የሱሃው ሹም ሲሞት በሐምሌ ጨለማ፣
«አባቴ» የሚል ወንድ ከቤቱ አልተሰማ፤
ያጎቶቿ ልጆች ፈረስ ሲለጉሙ፣
ገና አፈሩ ሳይደርቅ ጉልቱን ሲሻሙ፣
ትርንጎ ብቻዋን በቅሎዋን አስጭና
መጣች ዝናብ ለብሳ በጮቄ ደመና።

ካህናት ተሰበሰቡ፤ እማኝ ተቆጠረ፤
የወርቁ ወንጌል ወጥቶ ኅዳጉ ተመረመረ።
የአባቷ ስም እዚያ አለ፦ «ሥዩም ላዕለ ሱሃ»፤
ከሥሩ ነጭ ቦታ፣ ቀለም የተጠማ እንደ ውሃ።

«የማን ሚስት ልበል?» አልኋት፣ ብርዔን ቀለም ነክሬ።
«ሚስትስ ነበርሁ» አለችኝ፤ «ሁለት ባል አለኝ መቃብሬ።
የነሱን ስም ልጻፍ ካልህ የሚያልቀው ያንተ ቀለም ነው፤
ይህ አፈር ግን እነሱን ሳይሆን፣ እኔን ነው የሚያውቀው።»

ሹም ለወንድ ነው ቃሉ። ሹሚት አይባል ነገር።
ጎጃም ሙሉ ቢጠየቅ ለሷ የሚሆን ቃል አልነበር።
አለቃው ሳል ሳል አሉ። አንዱ ቄስ ወደ በሩ አየ።
ላቤ ብራናው ላይ ጠብ ሊል ጥቂት ቆየ።

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ የቅኔ ቤት ሌሊት፣
የኔታ በጨለማ ግሥ ሲያስወርዱን፦ ክቡር፣ ክብርት፤
ቅዱስ፣ ቅድስት፤
ቡሩክ፣ ቡርክት፤
ሥዩም…
ሥይምት።

ጻፍሁት። በቀዩ ቀለም፣ የቅዱሳን ስም በሚጻፍበት።
ጎንበስ አለች። «የቷ ናት» አለች «እኔ የሆንሁባት?»
ማንበብ አታውቅም ነበር። ጣቷን ይዤ በቀስታ
ከመጨረሻዋ ላይ አኖርሁት፣ እርጥቡን እንዳትነካ።
«ይህች ናት። ይህች ከሄደች
ወንድ ነው የሚቀረው።»
ብዙ ጊዜ ቆየች፣ ጣቷ አየር ላይ።

ዓመታት አለፉ። ሦስተኛ ባል መጣላት፣
አዛዥ መድኅን ይሉታል፣ ከወደ ዳሞት፤
በሷ ፈረስ፣ በሷ ጠጅ፣ በሷ ሙክት
«የሱሃ ጌታ» የሚያስብል አዝማሪ ያስከተለ።
እሷ ዓባይ በረሃ ወርዳ ድንበር ስትዳኝ፣
አንድ ማታ ካራውን ጉልበቴ ላይ አኖረልኝ።

ትን ፋቅሁ። ይን ዩ አደረግሁት።
አምስት አሞሌ ጨው ተቀበልሁ።
ግዝት አልፈራሁም፤ ቤቴ ያሉትን አፎች ፈራሁ።
ወንጌሉ እስከ ዛሬ በኅዳጉ ይዋሻል፣
በእኔ እጅ፣ በሚያምር ጽሕፈት።

ስትመለስ ሰማች። አልጮኸች፣ አልከሰሰች።
ቀጥቃጭ አስጠርታ አንዲት ብረት አስቀጠቀጠች፤
በአፈር ላይ በጣቷ ስላ ነው ያሳየችው፣
ከፊደል ሁሉ አንዲቷን፣ የምታውቃትን።
በጥር መስክ፣ የዋንዛ ፍልጥ አስነድዳ፣
በሬውን፣ ወይፈኑን፣ ጊደሯን፣ ባዝራዋን፣
አዛዥ መድኅን ሊጋልብ ያስጫነውን ፈረስ ሳይቀር
ጭኑ ላይ ተኮሰችው፦
ት።

አሁን ሁሉም አፈር ነው። ብረቱን የልጅ ልጇ ይዛለች ይላሉ።
እኔ በገበያ ቀን ግንቡ ጥግ ፀሐይ እሞቃለሁ።
ዓይኔ ፊደል አይለይም። በሬ ሲያልፍ ግን ባለቤቱን
«ቁም እስቲ» እላለሁ፤ እጄን ይመሩልኛል፤
ጠባሳዋን በጣቴ እዳብሳለሁ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ግራና ቀኝ።

በሬው ቆዳውን ያርገፈግፋል፣
እንደ ዝንብ ቆጥሮኝ።